ጅቡን ስገድለው ታሪኩ አብሮ ሞተብኝ (ፋንታሲ የምትጽፉ እስቲ ኑ)

ሌሊት_ጸሐፊ · ማክሰኞ ማታ 4:10

ሰላም ወገኖች። እዚህ ቤት ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ተቸግሬ መጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስመለስ ማታ ማታ የምጽፈው አንድ ፋንታሲ (አስማት ያለበት ምናባዊ ዓለም) ልቦለድ አለኝ። የፈረንጆቹ ተረት ኤልፍ ምናምን የለበትም፣ ከራሳችን ነው ያወጣሁት። አምባ ላይ የተሠራች ከተማ አለች፣ ንጉሥ የላትም፣ ሰባት ዳኞች ናቸው የሚያስተዳድሯት። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የአንጥረኞች መንደር አለ፣ ሰዎቹ ቀን ብረት ይቀጠቅጣሉ ማታ ጅብ ይሆናሉ (አዎ ያው ከልጅነታችን የሰማነው የቡዳ ነገር ነው)። ስንዱ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ታናሽ ወንድሟን ጅብ ይበላባታል፣ ትነሳለች፣ አስማት ያለበት ጦር ታገኛለች፣ መጨረሻ ላይ የጅቦቹን አለቃ ወግታ ትጥለዋለች። ሕዝቡ እልል ይላል። አለቀ።

ስጀምረው በልቤ የነበረው ትልቅ ነገር ነው፣ ድፍረት ምንድነው፣ ፍትሕ ምንድነው፣ ሰው ለሰው ምን ዕዳ አለበት የሚል። ባለፈው ሳምንት ጨርሼ ለእህቴ ሰጠኋት። በሁለት ቀን አንብባ መለሰችልኝና ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ «የሰንበት ትምህርት ቤት ድራማ ይመስላል፣ ማን ጥሩ ማን መጥፎ እንደሆነ ገጽ ሦስት ላይ አወቅኩት ከዛ በኋላ ስንዱ እስክትገድለው ነው የጠበቅኩት» አለችኝ። አልተኛሁም እውነት ለመናገር። ምክንያቱም የመጨረሻውን ምዕራፍ ራሴም ስጽፈው እየሰለቸኝ ነበር።

እና ጥያቄዬ፣ ስለ መልካምነት መጻፍ የፈለገ ሰው ሳይሰብክ እንዴት ነው የሚጽፈው?


ቡና_ሳልጠጣ_አታናግሩኝ · ማክሰኞ ማታ 4:31

እህትህን እንዲያገባልኝ ለወንድሜ ልነግረው ነው 😂

ቁም ነገሩን ልንገርህ፣ ስንዱ አንድም ጊዜ አልመረጠችም። ጅብ ነው፣ ወንድሟን በልቷል፣ ጦር አላት። ታዲያ ሌላ ምን ልታደርግ? አንተ ስለ ድፍረት ጻፍኩ ትላለህ እንጂ የጻፍከው ስለ ጦር ነው። አንባቢ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር» ብሎ አልጋው ላይ ካልተገላበጠ ስለ ፍትሕ ምንም አላልክም ማለት ነው። ደግሞ አስማቱ ምን ያስከፍላታል? ጦሩን ያገኘችው በነፃ ነው? ከዋሻ ውስጥ አንስታ ነው? በነፃ የሚገኝ አስማት በነፃ እንደሚገኝ ዋይፋይ ነው፣ ቶሎ ይቆራረጣል።


ዘጠኝ_ነፍስ · ማክሰኞ ማታ 4:40

እኔ ደግሞ አልስማማም። ሰው ፋንታሲ የሚያነበው ከዚህ ከሚያስጨንቅ ኑሮ ለመውጣት ነው እንጂ ዳኝነት ለመማር አይደለም። አያቴ ተረት ተረት ስትለን የላም በረት ብለን ጅቡ ሲሞት ደስ ብሎን ነው የምንተኛው። «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ትጨርሳለች፣ ማንም ጅቡ ምን ተሰምቶት ይሆን ብሎ አልጠየቀም። ጅብ ጅብ ነው። ይገደል። ጥሩ አድርጎ ይገደል ብቻ።


ጡረተኛው_መምህር · ረቡዕ ጠዋት 1:15

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ፋንታሲ የምትሉትን በስሙ አላውቀውም፣ ግን የልጁ ጥያቄ ማታ ሲመላለስብኝ አደረ።

በላዔ ሰብን ታውቁታላችሁ። ክርስቲያን ቤት ያደገ ሁሉ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ሲነገር ሰምቶታል። 78 ሰው የበላ ሰው ነው፣ ሚስቱና ልጆቹም ከነዛ ውስጥ ናቸው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ውሃ የጠማው ለምጻም ያገኛል፣ በሌላ በሌላ ስም ሲለምነው እምቢ ብሎ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ሲሞት ነፍሱ ሚዛን ላይ ትወጣለች፣ በአንድ በኩል 78 ነፍስ፣ በአንድ በኩል ያቺ እፍኝ የማትሞላ ውሃ። ውሃዋ ሚዛኑን ትደፋለች።

ይህንን ለስንት ዓመት ተማሪዎቼ ፊት አንስቼዋለሁ፣ አንድም ዓመት ሳይጣሉበት አልቀሩም። የሃይማኖት ትርጉሙን ለአባቶች ትቼ እንደ ታሪክ ብቻ ላንሳው። አንዱ ይነሳና «የ78ቱስ እናቶች ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ነበር ወይ» ይላል። ሌላዋ ተነስታ «አንድ ጥርኝ ውሃ ካልተቆጠረች ማናችን እንድናለን» ትላለች። ታሪኩ ግን ለሁለቱም አይመልስም፣ ሚዛኑን ያሳይና ዝም ይላል። ይህን ያህል ዘመን የኖረው በዚህ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ መጀመሪያውን ነው። ሰውየው ሲነሳ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ደግ ሰው ነበር ይባላል። ሰይጣን በእንግዳ አምሳል መጥቶ ልጅህን እረድልኝ አለው፣ አረደ፣ ቅመስ አለው፣ ቀመሰ። የወደቀው በክፋቱ በኩል አይደለም እንግዲህ፣ በደግነቱ በኩል ነው የገባበት። ልጄ ሌሊት ጸሐፊ፣ የአንተ የጅቦች አለቃ መጀመሪያ ምን ነበር?


ሌሊት_ጸሐፊ · ረቡዕ ቀን 6:50

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ምሳ ሰዓቴን እርስዎ የጻፉትን ሳነብ ጨረስኩት። እውነቱን ልንገርዎት፣ የጅቦቹ አለቃ መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ስም እንኳን የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ «አለቃው» እያልኩ ነው የጻፍኩት። አሁን ሳየው አፍሬያለሁ።

@ቡና፣ ጦሩን ከዋሻ ነው ያነሳችው 🙈


ጀጎል_ውስጥ · ረቡዕ ማታ 2:05

ከሐረር ነኝ። እናንተ ስለ ጅብ ስታወሩ እኔ ስቄ ልሞት ነው። እኛ ጋ ጅብ ቪለን (የታሪኩ ክፉ) አይሆንም፣ አይሠራም። ጀጎል ግንብ ላይ ከታች ከታች ቀዳዳዎች አሉ፣ ጅብ ማታ እንዲገባና እንዲወጣ የተተዉ ናቸው፣ ውስጥ ገብቶ ቆሻሻውን ይበላል፣ ትልልቆቹ ሰዎች እንደሚሉት ደግሞ ጂኑንም ይበላል። አሹራ ላይ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል፣ አበላሉ ታይቶ ዓመቱ ጥሩ ነው አይደለም ይባላል። ልጅ ሆኜ ማታ ከመድረሳ ስመለስ ጠባብ መንገድ ላይ ካጋጠመኝ ግድግዳ ተጠግቼ አሳልፈዋለሁ፣ እሱም ያልፋል።

እና ጅብ ጅብ ነው ያልከው ወንድሜ @ዘጠኝ_ነፍስ፣ የት አገር ያለው ጅብ? አንድ እንስሳ ነው፣ እናንተ ጋ ሰው በላ ነው እኛ ጋ ከተማ ጠባቂ። ክፉ ያደረገው ጥርሱ ቢሆን ኖሮ እኛም ጋ ጥርስ አለው።


ዘጠኝ_ነፍስ · ረቡዕ ማታ 2:20

እሺ ሐረር አሸነፈች 😅 ግን እኔ ያልኩት ልቦለድ ልቦለድ ነው ነው። በዚህ ዓይነት ዘንዶም ልናዝንለት ነው? የአክሱሙ ዘንዶ አርዌ ሴት ልጅ እየተገበረለት ሲኖር አንጋቦ መጥቶ ገደለው፣ ሕዝቡ አነገሠው። ንጹሕ ታሪክ። ማን ቅር አለው?


ቡና_ሳልጠጣ_አታናግሩኝ · ረቡዕ ማታ 2:26

ዘንዶውን የገደለው ነገሠ። ከነገሠ በኋላ ግብር ቀረ? 🙂 የኔ ልቦለድ የሚጀምረው እዛ ጋ ነው፣ ዘንዶው ከሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ግብር ሰብሳቢው በር ሲያንኳኳ።


የሸክላ_ሠሪዋ_ልጅ_ልጅ · ሐሙስ ጠዋት 12:40

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከእስራኤል ነው፣ አማርኛ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ስለሆነ ፊደል ብሳሳት ይቅርታ። ውይይቱን ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነበር፣ ልጻፍ አልጻፍ ስል ቆይቼ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ እርማት። አንጥረኛ ወርቅና ብር የሚሠራው ነው። ማረሻና መጥረቢያ የሚሠራው ቀጥቃጭ ነው የሚባለው፣ በክብር ሲጠራ ባለ እጅ። ይሄን የማውቀው አያቴ ባለ እጅ ስለነበሩ ነው። ሴት አያቴ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ናቸው፣ ጎንደር አጠገብ ወለቃ። ቤተ እስራኤል ነን። የመጣነው በፈረንጆች 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው፣ በ36 ሰዓት ከ14 ሺ በላይ ሰው የተጫነ ጊዜ፣ እናቴ እኔን እርጉዝ ነበረች።

ያንተ ልቦለድ ውስጥ ያሉት ከወንዝ ማዶ ያሉት ሰዎች እኛ ነን። ርስት ስላልነበረን እጃችን ላይ የቀረው ብረትና ሸክላ ነበር፣ ብረትና ሸክላ ስለያዝን ደግሞ ቡዳ ተባልን። አያቴ ዛሬም ስትናገረው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ቀን ይመጣሉ ትላለች፣ ማረሻ ያሾላሉ፣ ጀበና ይገዛሉ፣ ደግ ቃል ይናገራሉ፣ ልጅ ይዘው ከመጡ ግን ልጁን በነጠላ ይሸፍኑታል። ከእኔ ዓይን። የሠራሁትን ድስት ይወስዱና ወጥ ይሠሩበታል ከኔ ቤት ግን ውሃ አይጠጡም። የሰው ልጅ ሲታመም ደግሞ ማታ ወንዶቻችን አይተኙም ነበር አለችኝ፣ ምክንያቱም ቡዳ በላው ከተባለ ዱላ ይዘው የሚመጡት ወደኛ ነው።

አልተቆጣሁም። ልቦለድህን እንዳትጽፍም አይደለም የምልህ። ግን ስንዱ ጦሯን ይዛ ወንዙን ስትሻገር እኔ ያለሁት በዛኛው በኩል ነው፣ አያቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የማያት።


ዘጠኝ_ነፍስ · ሐሙስ ጠዋት 2:10

እህቴ ከልቤ አዝናለሁ፣ ግን ልጁ በክፋት አልጻፈውም እኮ፣ ሁላችንም ቤት የተባለ ነገር ነው፣ ተረት ነው


ጡረተኛው_መምህር · ሐሙስ ቀን 5:30

ልጄ ዘጠኝ ነፍስ፣ ተረት ብቻ ቢሆን ኖሮ አዋጅ ባላስፈለገው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለሙያ። ንጉሥ አዋጅ የሚያወጣው ሰው ሲጎዳ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ስድቡ ግን ያው ነው፣ እኔ ራሴ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ያስተምራሉ ከተባሉ ሰዎች አፍ። እኔም ዝም ብዬ ሻዬን ጠጥቻለሁ፣ ይህም ይጻፍ።

ቀድሞ የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች እንኳን ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ተገደለ የሚለውን ወሬ መጽሐፋቸው ላይ አስፍረውታል። ወሬ በወረቀት ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚጠነክር እንግዲህ ተመልከቱ፣ ልብ ወለድም ወረቀት ነው።


ሌሊት_ጸሐፊ · ሐሙስ ማታ 5:48

ቀኑን ሙሉ መልስ መጻፍ አልቻልኩም።

@የሸክላ_ሠሪዋ_ልጅ_ልጅ እህቴ አመሰግናለሁ። ይቅርታ ብል ምን ላድርግበት ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ እንጂ ይቅርታ።

አንድ ነገር ልናገር፣ እህቴም አታውቀውም። አራተኛ ክፍል ሆኜ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነበር፣ አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ። ምሳ ሰዓት ሁላችንም ምሳ ዕቃ ከፍተን እንጎራረሳለን፣ ከሱ ግን አንጎርስም። ማንም «አትብሉ» ብሎን አያውቅም፣ እናቴም በግልጽ አላለችኝም፣ ጠዋት ስወጣ ብቻ ጤና አዳም ኪሴ ውስጥ ትከት ነበር። ልጁ መጀመሪያ አካባቢ ሊያጎርሰን ይሞክር ነበር፣ እኔ ጠግቤያለሁ እላለሁ። ከዛ በኋላ ተወው። ከዛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መብላት ጀመረ። ዓመቱን ሙሉ።

ሁለት ዓመት ስለ ድፍረት የሚል ልቦለድ ስጽፍ ይሄ ልጅ አንድ ቀን ትዝ አላለኝም፣ ወይም ትዝ ብሎኛል መሰለኝ የሰጠሁት ቦታ ነው የሚያስፈራው። ወንዝ ማዶ አስቀምጬ ጅብ አድርጌው በጦር ወጋሁት። ስሙን እንኳን ነጠቅኩት።


ቡና_ሳልጠጣ_አታናግሩኝ · ሐሙስ ማታ 6:05

እዚህ ጋ አለቀስኩ፣ ግን ወዲያው ላስጠነቅቅህ ምክንያቱም አሁን ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ነገ ተነስተህ ባለ እጆቹን ሁሉ መልአክ፣ አምባ ላይ ያሉትን ሁሉ ሰይጣን ታደርጋቸዋለህ። ያም ስብከት ነው፣ ጫማው ከቀኝ ወደ ግራ ተዞረ እንጂ። ከነሱ ውስጥ ሚዛን የሚያጭበረብር፣ ሚስቱን የሚመታ፣ ሰነፍ፣ ቀልደኛ፣ ጉረኛ ያስፈልግሃል። መልአክ ማድረግም ያው ሰው አይደላችሁም ማለት ነው።

ያ ኦርክ የሚባሉትን ክፉ ፍጡራን በልቦለዱ የፈጠረው እንግሊዛዊ ቶልኪን እንኳን ይሄ ነገር እስከ እርጅናው አስጨንቆታል። ካቶሊክ ነበር፣ ክፋት የራሱን ፍጥረት መፍጠር አይችልም ብሎ ያምናል፣ ታዲያ አንድ ዘር በሙሉ ከተፈጥሮው ክፉ የሚሆነው እንዴት ነው ብሎ ደጋግሞ ጽፎበታል፣ የሚያረካ መልስ ላይም አልደረሰም። አንተ ገና ሁለት ዓመትህ ነው፣ አይዞህ።


ሕግ_ሦስተኛ_ዓመት · ዓርብ ቀን 7:20

ዘግይቼ መጣሁ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ ካልተናገርኩት ይፈነዳል። ባለፈው ሴሚስተር የሕግ ታሪክ ስንማር በጣም የያዘኝ ነገር ቁራኛ ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለ ዕዳና አበዳሪ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ እርስ በርስ ይታሰሩ ነበር፣ በነጠላ ጫፍና ጫፍ ተቋጥረው። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይተኛሉ። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል የምንጠራው ያንን ቃል ነው።

ጦሩን አውጣው። ስንዱ ወንዙን ተሻግራ ሰውየውን ከሰሰችው በል። ሰባቱ ዳኞች ያሉት አምባ ላይ ነው፣ ሦስት ቀን መንገድ። ልማዱ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ይምጡ ነው። ወንድሜን በልቷል፣ ማታ ጅብ ይሆናል ብላ ከምታምነው ሰው ጋር በነጠላ ታስራ ሦስት ሌሊት።

ከፈለክ ሌባ ሻይም አለልህ፣ ድሮ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ሰፈር ውስጥ ይነዳና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። አስማት ነው ፍርድ ቤት ነው ለማለት ይቸግራል፣ ለፋንታሲ እንደዚህ የተዘጋጀ አይገኝም።


ጀጎል_ውስጥ · ዓርብ ቀን 7:33

ሦስት ሌሊት!!! ወላሂ አሁኑኑ ስጡኝ ላንብበው


ቡና_ሳልጠጣ_አታናግሩኝ · ዓርብ ቀን 8:00

ሕግ ተማሪው ቡና እኔ ልክፈልልህ። ግን ትልቁ ጥያቄ አሁን መጣ፣ ማታ ሲሆን ሰውየው ይለወጣል ወይስ አይለወጥም? ከተለወጠ ሰፈርተኛው ልክ ነበር ማለት ነው፣ የእህታችን አያት ላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነበር ማለት ነው። ካልተለወጠ ደግሞ ፋንታሲው የት አለ፣ «ሁሉም ውሸት ነበር» ብሎ የሚጨርስ የመንግሥት ማስታወቂያ ነው የሚሆነው።


ሌሊት_ጸሐፊ · ዓርብ ማታ 3:15

ይሄን ሳስብ ነው የዋልኩት። አንድ ነገር መጣልኝ። ደብተራ ለአስማት የክርስትና ስምና የእናት ስም ነው የሚጠይቀው አይደል፣ ሰው ለዛ ነው የክርስትና ስሙን የሚደብቀው፣ ስምህን የያዘ አንተን ያዘህ ነው ነገሩ። በኔ ዓለም ውስጥ ቢገለበጥስ? የሰውየውን ስም ማንም አያውቀውም፣ ያልሆነውን ስም ግን ሁሉም ይጠሩታል። እና የሚለወጠው ሰዎች ስለጠሩት ቢሆንስ፣ አንድ መንደር ሙሉ በአንድ አፍ ጅብ ያለው ሰው ማታ ጅብ ይሆናል። አስማቱ ከደሙ አይመጣም፣ ከጠሪው ነው።


ቡና_ሳልጠጣ_አታናግሩኝ · ዓርብ ማታ 3:22

ቆንጆ ነው ግን በጣም ቆንጆ ነው። አንባቢው ምዕራፍ ሁለት ላይ «አሃ ገባኝ፣ ክፉው ማኅበረሰቡ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እህትህ ገጽ ሦስት ላይ ታውቀዋለች እንደገና 😩


የሸክላ_ሠሪዋ_ልጅ_ልጅ · ዓርብ ማታ 3:50

ሻባት (የቅዳሜ ሰንበታችን) ገብቷል፣ መጻፍ አልነበረብኝም፣ አያቴ እንዳትሰማ። ግን አንድ ነገር።

ልጁን በእውነት የበላው እሱ ቢሆንስ?

ሰዎቹ ጠርተው ጅብ አደረጉት፣ እሺ። ግን በዛ ሌሊት በዛ ጥርስ የስንዱን ወንድም በልቶታል። ጠሪዎቹ ጥፋተኛ ናቸው፣ ልጁ ግን ሞቷል፣ ስንዱ ውሸታም አይደለችም። ሰውየው ደግሞ ሲነጋ አፉ ውስጥ ያለውን ያውቃል። እኔ ቡዳ አይደለሁም ብሎ መማል አይችልም፣ ነኝም ማለት አይችልም። የመምህሩ ሚዛን ላይ እሱን አስቀምጡልኝ እስቲ፣ ምን ትሉታላችሁ?

ይሄን የምጽፈው እኔ መሆኔ ለራሴም ገርሞኛል። ግን ሁሌ ንጹሕ መሆን ደክሞኛል ልበላችሁ? መጽሐፍ ላይ እኛ ስንገባ ወይ ጅብ ነን ወይ ምስኪን ነን። አንድ ጊዜ እንኳን አስቸጋሪ እንሁን።


ጡረተኛው_መምህር · ቅዳሜ ጠዋት 1:05

ልጄ፣ እጅ ነስቻለሁ።

አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ያ ታሪክ በጦር ሊያልቅ አይችልም፣ በፍርድም የሚያልቅ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ነገር አገራችን ሲገጥመው ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ደም ይደርቃል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ዘመድ እግር ሥር ይወድቃል። እኔ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሰው የማያየው ግን የሟች እናት «ይቅር ብያለሁ» ከማለቷ በፊት ያለውን ዝምታ ነው። ሽማግሌ ሁሉ መሬት መሬት ያያል፣ ዝንብ ስትበር ይሰማል። እዚያ ዝምታ ውስጥ እምቢ ልትል እንደምትችል ሁሉም ያውቃል፣ እምቢ ካለችም መብቷ ነው። ጸሐፊ ብሆን ያቺን ደቂቃ አሥር ገጽ እጽፋት ነበር። ይቅርታ ማለት አለባት ብለህ አስቀድመህ እንዳትወስንላት ብቻ።


ሌሊት_ጸሐፊ · እሑድ ሌሊት 7:30

ሁለት ቀን አልተኛሁም። የድሮውን 214 ገጽ አልሰረዝኩትም፣ ፎልደሩን «ጦር» ብዬ ሰይሜ ዘጋሁት። የመጀመሪያውን ሌሊት እንደዚህ ጀምሬዋለሁ፣ ጥሬ ነው፣ ምቱኝ፦

«ነጠላው ስድስት ክንድ ነበር። አንዱ ጫፍ የስንዱ ወገብ ላይ፣ አንዱ ጫፍ የሰውየው ቀኝ እጅ አንጓ ላይ። ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ቆመና፣ ‹እዚህ እንደር፣ ከዚህ በኋላ ያለው ገደል ነው› አለ። አልመለሰችለትም። ከተነሱ ጀምሮ አንድ ቃል አልመለሰችለትም። ዋርካው ሥር ተቀመጡ፣ እሷ ጀርባዋን ለግንዱ፣ እሱ ጀርባውን ለሷ።

‹ቋጠሮውን አጥብቂው› አላት።

‹ምን?›

‹በኔ በኩል ላልቷል። ስትተኚ ሊፈታ ይችላል። እኔ በአንድ እጄ አልችልም።›

ተንፏቃ ሄደች። እጁን ዘረጋላት፣ መዳፉ ላይ የፍም ጠባሳ ሞልቷል፣ አንዱ ጠባሳ ገና ቀይ ነው። ቋጠሮውን ስትይዝ ጣቷ ነካው። ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ ማንኛውም ሰው እጅ። ጠበቅ አደረገችው፣ እንደገና ጠበቅ አደረገችው፣ ደሙ እስኪቆም። እሱ ምንም አላለም።

ከሩቅ አምባው ላይ ራት የሚበላበት እሳት ይታያል። ከዚያ በኩል ነፋስ ሲመጣ ድምፅ ይዞ መጣ፣ የብዙ ሰው ድምፅ፣ አንድ ቃል ደጋግሞ የሚጠራ። ስንዱ ቃሉን ታውቀዋለች፣ ልጅ ሆና አብራ ጠርታዋለች። የሰውየው ትከሻ ተንቀጠቀጠ።

‹ስምህ ማነው?› አለችው ቶሎ ብላ፣ ለምን እንደጠየቀችው ሳታውቅ።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ስሙን አላውቀውም።


ዘጠኝ_ነፍስ · እሑድ ጠዋት 3:00

እሺ ተሸነፍኩ። ጅቡ እንዳይገደል 😭


ቡና_ሳልጠጣ_አታናግሩኝ · እሑድ ጠዋት 3:40

«ለምን እንደጠየቀችው ሳታውቅ» የሚለውን አጥፋው፣ አንተ ነህ እንጂ እሷ ታውቃለች። ሌላው ይቀመጥ። «ደሙ እስኪቆም» የምትለዋን እንዳትነካት።


የሸክላ_ሠሪዋ_ልጅ_ልጅ · እሑድ ማታ 1:25

ለአያቴ በስልክ አነበብኩላት። ሁለቴ። መጀመሪያ ዝም አለች ከዛ እርማት ጀመረች 😊 የባለ እጅ ጠባሳ መዳፍ ላይ ብቻ አይሆንም፣ ክንዱ ላይና ደረቱ ላይ ነው የሚበዛው፣ ብረቱ ሲመታ ፍንጣሪው ወደዛ ነው የሚሄደው አለች። መዳፉማ ወፍራም ነው፣ አያትሽ ፍም ያነሳ ነበር በባዶ እጁ፣ ሲጋራ ሊያቀጣጥልልኝ እያለ ያስቀኝ ነበር አለች (አያቴ ሲጋራ ታጨስ እንደነበር ዛሬ ሰማሁ)። ደግሞ ወናፉን ይዞ ይሂድ ትላለች፣ ባለ እጅ ሦስት ቀን መንገድ ሲሄድ ወናፉን ቤት ጥሎ አይሄድም፣ የፍየል ቆዳ ነው አይጥ ይበላበታል።

ስሙን ግን አልሰጥም አለች። ራሱ ያምጣ አለች።

ከዛ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ መልስ አጣሁላት፣ ወዳንተ ላስተላልፍ። «ሦስት ቀን ተቋጥረው ሲሄዱ ስንቁ የማን ነው? እሱ ከቋጠረው ጎርሳለች ወይ ልጅቷ?» አለች።


ሌሊት_ጸሐፊ · እሑድ ማታ 1:31

ገና አልጻፍኩትም።